ወባ ያልነበረው ወባ፦ የፎገራ ሜዳና የመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ

ግንቦት 1997 ዓ.ም ሲባል የሁላችንም ጭንቅላት ውስጥ ቀድሞ የሚመጣው ምርጫው ነው። ዕድሜያችን የደረሰው ተሰልፈን መርጠናል፤ ያልደረስነው ከቤተሰብ ጋር ቴሌቪዥን ላይ ተደፍተን ክርክሩን አይተናል። ስለዚያ ወር ስንት ተጻፈ፣ ስንት ተባለ። በዚያው ወር ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ስለተገኘ ሌላ ነገር ግን እኛ የምንቀመጥበት ካፌ ውስጥ ሲወራ ሰምተን አናውቅም። ዛሬ የምንጽፈው ስለሱ ነው። የታሪክ ጽሑፍ ነው፤ ንጉሥም ጦርነትም የለበትም። ያለው ትኩሳት፣ ክኒንና ባንኮኒ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደቡብ ጎንደር፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ሰዎች ለረጅም ወራት በትኩሳት ሲታመሙ ከረሙ። ትኩሳቱ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመጣል። ሰውየው ይከሳል፣ ደሙ ያንሳል፣ ሆዱ በግራ በኩል ያብጣል። አገሩ የወባ አገር ስለሆነ ወባ ተባለ። የወባ መድኃኒት ተሰጠ፤ አልተሻለም። እንግዲያው ይህ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተባለ። ሰው ግን መሞቱን አላቆመም። በግንቦት 1997 ሲጣራ በሽታው ጭራሽ ወባ አልነበረም። ካላዛር ነበር፤ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው፣ ካልታከሙት አብዛኛውን ጊዜ የሚገድል በሽታ።

ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ከወረታ ወደ ጎንደር ሲሄዱ በምትገኘው በአዲስ ዘመን ከተማ ሕክምና ጀመረ። ተመራማሪዎች በኋላ የመረመሩት የታካሚዎች መዝገብ የሚጀምረው ግንቦት 17 ቀን 1997 ነው፤ ከምርጫው ዕለት ልክ በአሥረኛው ቀን። ወረርሽኙ በ1998 ዓ.ም መግቢያ ላይ ጫፍ ደረሰ፤ ጎረቤት ወረዳ ፎገራንም ያዘ። ከታካሚዎቹ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ወንዶች ናቸው፤ ግማሽ ያህሉ ከ18 ዓመት አይበልጡም። ማለትም የእኛ እኩዮች። ሕክምና ካገኙት መካከል የሞቱት ከመቶ 4 ያህል ብቻ መሆናቸውን ስታዩ፣ ስሙ ሳይታወቅ ባለፉት ወራት የጠፋው ምን እንደሆነ ይገባችኋል።

ታዲያ ይህ ከመድኃኒት ቤት ጋር ምን አገናኘው? ትሉ ይሆናል። እንግዲህ አስቡት። አንድ መድኃኒት አልሠራም ሲባል ሁላችንም የምንጠረጥረው አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ ሐሰተኛ ነው፣ ጊዜው አልፎበታል፣ ፀሐይ ላይ ከርሟል፣ ከቻይና ነው ወይስ ከሕንድ? ስለ መድኃኒት ቤት ደረጃና ጥራት የወጡ ሕጎቻችንም በአብዛኛው የሚያሳድዱት እነዚህኑ ተጠርጣሪዎች ነው። የፎገራና የሊቦ ከምከም ታሪክ ግን ሌላ ተጠርጣሪ አለው። ክኒኑ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፣ ጊዜው ያላለፈ፣ በደንብ የተቀመጠ፣ ፈቃድ ባለው ሰው የተሸጠ፤ ግን ለሌላ በሽታ። ያኔ መድኃኒቱ ተጠረጠረ፤ የበሽታው ስም ግን አልተጠረጠረም።

እና ለምን አልተጠረጠረም? ሐኪሞቹ ሰነፎች ስለሆኑ ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ቀላል ስለሆነም አንቀበለውም። ወባ በዚያ አካባቢ ያለውን ታሪክ ሳያውቁ መፍረድ አይቻልም።

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ ሲደርስ የአካባቢውን ክፉ ትኩሳት ሰዎቹ በሚጠሩበት ስም «ንዳድ» ብሎ መዝግቦታል፤ ስለ መድኃኒቱም ሲጽፍ ከደቡብ አሜሪካ የሚመጣውን የዛፍ ቅርፊት ያነሳል። (ያው ብሩስ በቀጣዩ ዓመት ጎንደር ገብቶ በሐኪምነቱ ከቤተ መንግሥት የተጠጋው፣ ፎገራን አቋርጦም ወደ ዓባይ ምንጭ የወረደው ሰውዬ ነው።) የዚያ ቅርፊት ጣጣ ምን መሰላችሁ? አንዱ ጆንያ ብርቱ፣ ሌላው ጆንያ ከንቱ ነበር። ነጋዴዎች የሌላ ዛፍ ቅርፊት ይቀላቅሉበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1820 ሁለት ፈረንሳውያን ኬሚስቶች ኪኒንን ከቅርፊቱ ነጥለው ሲያወጡ ነው ሐኪም ለመጀመሪያ ጊዜ «ይህን ያህል ስጡት» ብሎ በልበ ሙሉነት መናገር የቻለው። የመድኃኒት ጥራት የሚባለው ጉዳይ በዓለም ላይ ከወባ ጋር አብሮ ነው ያደገው ብንል ብዙም አላጋነንንም።

ወደ ጣና ዙሪያ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1953 ከሐይቁ በስተሰሜን ባለው በደምቢያ ሜዳ ወባ ተነስቶ 7 ሺህ ያህል ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም የተቋቋመበት አንዱ ምክንያት ይኸው እልቂት ነው። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ወደየገጠሩ ላከ። ግን ገና ከመጀመሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ከዚያ የባሰ መጣ። በደጋውና በወይና ደጋው የተነሳው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ሰው አሳሞ 150 ሺህ ያህል እንደገደለ ይገመታል። በቀጣዩ ዓመት አያቶቻችን «ወባ ማጥፊያ» እያሉ የሚጠሩት መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ግድግዳ ላይ ዲዲቲ የሚረጩት ሰዎችና ያ አፍ የሚያመር ክሎሮኪን የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው።

ክሎሮኪን ለአንድ ትውልድ ያህል ሠራ። ርካሽ ነበር፣ በየመድኃኒት ቤቱ ነበር፣ ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ ገዝቶ የሚውጠው ነገር ሆነ። ትኩሳት፣ ክሎሮኪን፤ ትኩሳት፣ ክሎሮኪን። ከዚያ መዳከም ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1997 እና 1998 በአገሪቱ የተለያዩ ቦታዎች ሲፈተሽ ከመቶ 65 ገደማ በሚሆኑት ሕሙማን ላይ አልሠራም። ስለዚህ መንግሥት ፋንሲዳር በሚለው ስሙ ወደምናውቀው መድኃኒት ዞረ። ፋንሲዳርም አምስት ስድስት ዓመት ሳይሞላው ከሦስት ሕሙማን በአንዱ ላይ ገደማ መክሸፉ ታወቀ። በ2003 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ አገሪቱን ሌላ ከባድ የወባ ወረርሽኝ መታት። በየትኛው መድኃኒት እንታከም የሚለው ክርክር ተጋጋለ፤ በ2004 ኳርተም የመጀመሪያ ምርጫ ሆነ።

አሁን ቀናቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በሊቦ ከምከም ያ የማይለቅ ትኩሳት ሰው ሲጨርስ «የወባ መድኃኒቱ አልሠራም» የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነት ነበር። በመላ አገሪቱ እውነት ነበር፤ በጥናት የተረጋገጠ፣ ፖሊሲ ያስቀየረ እውነት። ለዚህ ነው ሌላው በሽታ ከጀርባው ሊደበቅ የቻለው። ውሸት ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው ቶሎ ይነቃበት ነበር።

ጣፊያን ማሳበጥ፣ ደም ማሳነስ፣ ትኩሳት፤ እነዚህን ወባም ያደርጋቸዋል። ልዩነቱ በጊዜ ላይ ነው። ወባ በቀናት ውስጥ ጉዳዩን ይጨርሳል፣ ወይ ይድናል ወይ ይብሳል። ካላዛር ለሳምንታትና ለወራት ይጎትታል። እና ጊዜን ማየት የሚችል ማን ነው? አንድ ቀን የመጣን ሕመምተኛ አንድ ቀን ያየ ሰው አይችልም። የሚችለው ሦስት ጊዜ ሲመላለስ ያየው ነው፤ ወይም ሦስት ጊዜ መመላለሱን የጻፈ።

እዚህ ላይ ነው ባንኮኒው የሚመጣው።

ወረታን ለማታውቁ፦ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ የፎገራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በደርግ ጊዜ ቻይናዎች የሠሩት ወደ ደብረ ታቦርና ወልዲያ የሚወጣው መንገድ የሚነሳው ከዚሁ ነው። ዙሪያዋ ሜዳ ነው፤ ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች በክረምት እየሞሉ የሚያለብሱት ጥቁር አፈር። የፎገራ ከብት የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ያስጀመሩት ሩዝ ዛሬ የአካባቢው ዋና ሰብል ሆኗል፤ ኤክስ ጅግና የሚባለውን ዘር ገበሬው ሁሉ ያውቀዋል። ውኃ የተኛበት ሜዳ፣ ሩዝ፣ ሙቀት። ለወባ ትንኝ ከዚህ የተሻለ ሠርግ ቤት የለም።

ሌላው ነገር ሥራ ፍለጋ ነው። በየዓመቱ ከዚህ አካባቢ ብዙ ወጣት ወደ መተማና ሁመራ ወርዶ ሰሊጥ ያርማል፣ ያጭዳል። ሁመራና መተማ የካላዛር አገር መሆናቸው ከታወቀ ቆይቷል፤ ጥገኛ ተውሳኩ ወደ ሊቦ ከምከም የገባው በእነዚህ ተመላሾች ደም ውስጥ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ ተመራማሪዎች። ከዚያ በኋላ ግን እዚያው ተላመደ። ሁመራን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ልጅም ታመመ። በኋላ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ሌሊት ከቤት ውጭ፣ ግራር ሥር የሚያድር ሰው በበሽታው የመያዝ ዕድሉ በጣም ከፍ ያለ ነበር። ውሻ ባለበት ቤት የሚኖርም እንደዚሁ። ከብት ሊጠብቅ ሜዳ ያደረ እረኛ እንግዲህ ምን ይበጀው?

እንዲህ ያለ ልጅ ሲታመም ሆስፒታል አይሮጥም። ገበያ የወጣ ዕለት የመድኃኒት መደብር ገብቶ «የወባ ስጠኝ» ይላል። ይሰጠዋል። ሳምንት ቆይቶ ሌላ መደብር ይሄዳል፤ የመጀመሪያው አልሠራለትማ። ሦስተኛውን ምናልባት ባሕር ዳር ዘመድ ይገዛለታል። እያንዳንዱ ባለመደብር ያየው አንድ ትኩሳት ያለበት ልጅ ነው። ሦስቱም ደረሰኝ ቢቆርጡ፣ ሦስቱም ነጭ ጋውን ቢለብሱ፣ የሦስቱም ፍሪጅ ቢሠራ ለውጥ የለውም።

ስለ ፍሪጁና ስለ ጋውኑ ደግሞ ሕጉ ምን ይላል? በኢትዮጵያ የመድኃኒት ቁጥጥር መሠረት የሆነው በ1956 ዓ.ም የወጣው የፋርማሲ ደንብ፣ ሕግ ክፍል ማስታወቂያ ቁጥር 288 ነው። ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1961፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ተከፍቷል። አንጋፋው የአገራችን የመድኃኒት ፋብሪካም ሥራ የጀመረው በዚያው በደንቡ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ደንቡ ማን መድኃኒት ሊሸጥ እንደሚችል መሰላል ሠራ። ላይኛው ፋርማሲስት የሚመራው ፋርማሲ፣ መካከለኛው ድራጊስት የሚይዘው የመድኃኒት መደብር፣ ታችኛው ጤና ረዳት ወይም ነርስ የሚቀመጥበት የገጠር መድኃኒት ቤት። (የአዲስ አበባ ልጅ ሦስቱንም «ፋርማሲ» ብሎ ነው የሚጠራው፤ ቦርዱን ቀና ብሎ የሚያነብ የለም።) ይህ መሰላል ለአሥርት ዓመታት ዘለቀ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ መሰላሉ የተሠራው ፋርማሲስት ስላልነበረ ነው። እንደ ፎገራ ያለ አገር የሚደርሰው የታችኛው እርከን ነበር።

ከዚያ አዋጅ ቁጥር 176/1991 መጣ፤ የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን የተቋቋመው በዚህ ነው። በ2002 አዋጅ ቁጥር 661 ምግቡን፣ መድኃኒቱንና ጤና ተቋሙን አንድ መሥሪያ ቤት ሥር ጠቀለለ። በ2011 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1112 ወጣ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የምንለው የሚሠራው በዚህ ነው። ስሙ በተቀያየረ ቁጥር ማኅተምና ቦርድ ሠሪዎች ተጠቅመዋል፤ ግን መቀለዱ ብቻ ፍትሐዊ አይሆንም። መደርደሪያው ከፀሐይ ይራቅ፣ ሙቀቱ ይለካ፣ ጊዜው ያለፈበት ተለይቶ ይቆለፍ፣ ባለሙያው በሌለበት አይሸጥ፣ ማዘዣው ይመዝገብ የሚሉት ትእዛዞች እያንዳንዳቸው የሆነ ቦታ ሰው ሞቶባቸው የተማሩ ናቸው።

አንዱን ብቻ እንንገራችሁ፤ ምክንያቱም ስለ መዝገብ የምናወራውን ነገር ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ታሪክ አናውቅም። እ.ኤ.አ. በ1937 አሜሪካ ውስጥ፣ ቴነሲ ግዛት፣ ማሴንጊል የሚባል ኩባንያ ሰልፋኒላማይድ የተባለውን መድኃኒት በፈሳሽ መልክ አወጣ። መድኃኒቱ ራሱ እውነተኛ ነው፤ የዘመኑ ተአምር ነበር። ችግሩ የሟሟበት ፈሳሽ ነው፦ ዳይኢታይሊን ግላይኮል፣ ኩላሊት የሚያወድም መርዝ። እንጆሪ እንጆሪ እንዲል አጣፍጠው ሸጡት። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሕፃናት። በጊዜው የነበረው ሕግ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ደኅንነቱ ይፈተሽ አይልም ነበር። ኩባንያው የተከሰሰው ምን ብለው መሰላችሁ? «ኤሊክሲር» የሚለው ቃል አልኮል ላለበት ነገር ነው፣ ይህ አልኮል የለውም፤ ስለዚህ ስያሜው ስሕተት ነው ተብሎ። ብልቃጡ ላይ ሌላ ቃል ጽፈው ቢሆን ኖሮ በሕግ የሚጠየቁበት ነገር አልነበረም።

ከዚያ የተከተለው ነው የሚገርመው። የመድኃኒት ቁጥጥሩ መሥሪያ ቤት ያሉትን 239 የመስክ ሠራተኞች በሙሉ ማለት ይቻላል አሰማራ። ብልቃጦቹን ያደኑት በምንድን ነው? በደረሰኝና በማዘዣ። ወደየፋርማሲው ገብተው የሽያጭ መዝገብ ገለጡ፤ ለማን እንደተሸጠ አዩ፤ ቤት ድረስ ሄዱ። ከ240 ጋሎን ውስጥ አብዛኛውን ሰበሰቡት። የጻፈ ፋርማሲ በነበረበት ብልቃጡ ሰው ሳይገድል ተገኘ። በቀጣዩ ዓመት ሕጉ ተቀየረ። ያው መርዝ በ2022 (እ.ኤ.አ.) ጋምቢያ ውስጥ በሳል ሽሮፕ ተቀላቅሎ 70 ገደማ ሕፃናት ሲሞቱ ግን ዓለም ሰማንያ አምስት ዓመት እንዳላለፈ ሆኖ ነው የተደነቀው።

ወደ ፎገራ ስናመጣው፣ መዝገቡ ሁለት ሥራ አለው ማለት ነው። መጥፎ መድኃኒት የት እንደደረሰ ያሳያል፤ ይህን ሁሉም ይቀበላል። ሁለተኛው ጥሩ መድኃኒት ለምን እንደማይሠራ ማሳየቱ ነው። አንድ የመድኃኒት መደብር በወር ስንት ሰው ለሁለተኛ ጊዜ የወባ መድኃኒት ፍለጋ እንደተመለሰ ቢቆጥር፣ ቁጥሩን ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ቢሰጥ፣ ወረዳው የመደብሮቹን ቁጥር አጠገብ ለአጠገብ ቢያስቀምጥ፣ «ይህ ነገር ወባ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከሞት በፊት ሊመጣ የሚችልበት ዕድል ነበር። የካላዛሩን ታሪክ ዛሬ በዕድሜና በጾታ ከፋፍለን የምናወራው አዲስ ዘመን ላይ የጻፈ ሰው ስለነበረ ነው። ከግንቦት 17 በፊት ያሉት ሕሙማን ግን በ«ወባ» ስም ነው የተቀበሩት።

እርግጥ ነው፣ ባለመደብሩ ነጋዴም ነው። ኪራይ አለበት፣ ግብር አለበት፣ የሚጠብቀው ወረፋ አለ። ገዢውም ቢሆን ጥያቄ አይወድም። «ወንድሜ፣ ትኩሳቱ ከጀመረህ ስንት ቀን ሆነህ?» ቢለው «አንተ ሐኪም ነህ እንዴ? ስጠኝ ልሂድበት» ይለዋል። ይህን እኛም ከተማ ውስጥ እናደርገዋለን። ጉሮሯችንን ሲከረክረን አሞክሳሲሊን እንደ ማስቲካ የምንገዛ፣ ማዘዣ ሲጠይቁን ፊታችንን አጥቁረን ወደ ሚቀጥለው በር የምንሻገር ሰዎች ነን። የማይጠይቀውን ባለመደብር «ፈጣን ነው፣ አያስቸግርም» ብለን ለጓደኛ የምንጠቁመውም እኛው ነን። ስለዚህ የፎገራውን ገበሬ «አለማወቅ» የሚሉትን ስም ከመስጠታችን በፊት ትንሽ ቆም እንበል።

ስለ ካላዛሩ መድኃኒት ራሱ ጥቂት ካላልን ጽሑፉ ይጎድላል፤ የጥራት ነገር ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው እዚያ ነውና። በዚያን ጊዜ ዋናው ሕክምና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የሚባል መርፌ ነበር። በየቀኑ አንድ፣ ለ30 ቀናት። ያማል። ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ ይችላል። ለዚህ ሰውነቱ ላለቀ ልጅ ጥራቱ የተጓደለ ብልቃጥ ቢሰጡት መዳን ቀርቶ መግደል ነው። ከእንግሊዝ የሚመጣው ፔንቶስታም ውድ ነበር፤ ከሕንድ የሚመጣው ተመሳሳይ ርካሽ። ሕዝቡ «የሕንድ ነው» ሲባል ከንፈሩን ይመጣል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በሰሜን ኢትዮጵያ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያወዳድሩ ግን ርካሹ እኩል ፈወሰ። በርካታ ሰው ሊታከም የቻለው ከዚያ በኋላ ነው።

በተቃራኒው በ2008 (እ.ኤ.አ.) ባንግላዴሽ ውስጥ ሚልቴፎሲን የተባለ ሌላ የካላዛር መድኃኒት ለሕሙማን ተሰጠ፤ አገር ውስጥ የተመረተ፣ በመንግሥት የተገዛ። ሕሙማኑ አልሻል ሲላቸው ካፕሱሉ ተመረመረ። ውስጡ መድኃኒቱ አልነበረም። ሕመምተኞቹ ባዶ ካፕሱል ነበር የሚውጡት። እዚያ መድኃኒቱን የጠረጠረ ሰው ልክ ነበር፤ ሊቦ ከምከም ላይ መድኃኒቱን ብቻ የጠረጠረ ሰው ተሳሳተ። ሁለቱንም ያጋለጠው ነገር አንድ ነው፦ ያልተሻለውን ሰው የተከታተለ መኖሩ።

ይህን ሁሉ ያነሳነው ያለፈ ታሪክ ለመቆፈር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ኳርተም ዛሬም ይሠራል። ግን አማራን ጨምሮ በተለያዩ ክልሎች የተሰበሰበ የወባ ጥገኛ ተውሳክ ሲመረመር የመድኃኒቱን ዋና ክፍል የመላመድ ምልክት የሆነ የዘር ለውጥ ተገኝቶበታል። የጣት ደም ወስደው በደቂቃዎች የሚያሳዩት ፈጣን መመርመሪያዎች የሚፈልጉትን ፕሮቲን የማያመርት ተውሳክም ታይቷል፤ ማለትም ወባ ያለበት ሰው «የለብህም» ሊባል ይችላል። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ በተቀሰቀሰው ጦርነት መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት ሳይደርስ የሚከርምበት ጤና ጣቢያ ብዙ ነው፤ መድኃኒት ሲጠፋ ደግሞ ምንጩ የማይታወቅ እሽግ መደርደሪያ ላይ ይወጣል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ኅዳር አንድ ወጣት ከሰሊጥ አጨዳ ተመልሶ ወረታ ባንኮኒ ላይ ተደግፎ «ኳርተም ወሰድኩ፣ አልለቀቀኝም» ቢል፣ ባለሙያው በጭንቅላቱ የሚያወጣ የሚያወርደው ብዙ ነው። መድኃኒቱ ሐሰተኛ ይሆን? ልጁ ግማሹን ውጦ ግማሹን ለወንድሙ አስቀምጦ ይሆን? ወባው ተላምዶ ይሆን? አራቱም አምስቱም ግምት ዛሬ ከያኔው የበለጠ አሳማኝ ነው፤ ካላዛርም ከዚያ ሜዳ አልወጣም። የሕክምና መመሪያው በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ የወባ ምርመራው ካላሳየ ወይም ታክሞ ካልተሻለው፣ ጣፊያው ካበጠና ከከሳ፣ ካላዛር ባለበት አካባቢ የሚኖር ወይም የከረመ ከሆነ፣ ሌላ እሽግ መሸጥ ቀርቶ ለካላዛር ምርመራ መላክ አለበት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለው። ምርመራው ከጣት በሚወሰድ ደም ይጀመራል። ሕክምናው እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ በሁለት መድኃኒቶች ጥምረት ከ30 ቀን ወደ 17 ቀን አጥሯል።